ብድግ

«አንተ ነህ ያስነሳኸው?»

ማሽን አስነሺው ከጓሮው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ የለቀስተኛ ብርጭቆ ያጥባል። እጠብ ያለው ሰው የለም። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል፣ አግዳሚ ይደረድራል፣ ብርጭቆ ያጥባል፣ ቀና ብሎ የሰው ዓይን ሳያይ ይሄዳል። ጎረቤቱ ሁሉ «የሥራ ባልደረባ እንዲህ ነው!» እያለ ያደንቀዋል።

የሟች ታላቅ ወንድም እላዩ ላይ ቆሟል።

«አንተን እኮ ነው! ወንድሜ ውስጡ እያለ ያንን ማሽን ያስነሳኸው አንተ ነህ ወይስ በራሱ ጊዜ ተነሳ?»

«እኔ ነኝ» አለ አስነሺው፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሶ እያጠበ። «አለቃው አስነሳ አሉኝ፣ አስነሳሁ።»

«ሰው ሆዱ ውስጥ እያለ?»

«‹ጌታዬ፣ የወጣ አልመሰለኝም› ብያቸዋለሁ። እናቴ ትሙት፣ ብያቸዋለሁ! ‹አስነሳ አልኩህ፣ ካንተ ጋር ልከራከር ነው?› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«እጅህን ኪስህ መክተት አቅቶህ ነው?»

«ላንተማ ቀላል ነው። ልጅ የለህ፣ ምን የለህ።»

ታላቅየው ጥርሱን ነከሰ። «ጓጉንቸሩስ? አልቆለፈም ነበር?»

ወንድማማቾቹ ተራ በተራ የሠሩበት የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ማደባለቂያው የቤት ቁመት ያለው በርሜል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ክንድ የሚያክሉ ብረቶች ይሽከረከራሉ። ግድግዳው ላይ የደረቀውን ሳሙና የሚፍቀው ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት የማብሪያውን ሳጥን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ወጥቶ በገዛ እጁ እስኪከፍት ድረስ ማሽኑን ማንም አያስነሳም። ይህን ለታናሹ ያስተማረው ታላቅየው ነው። «እግዜር ራሱ ወርዶ ቢጠይቅህ እንዳትሰጥ» ብሎታል። ታናሽየው ሳቀና «እሺ» አለ። ለሁሉም እሺ ነበር የሚለው። ፋብሪካው ውስጥ ስሙ ተረስቶ እሺ ሆኖ ቀርቷል። «እሺን ጥሩልኝ!» ሲባል ከአረፋው መሀል ብቅ ይላል፣ እየሳቀ።

«ቆልፎ ነበር» አለ አስነሺው። «አለቃው ናቸው ‹ቁልፉን እኔ እይዝልሃለሁ፣ ወጥተህ ለመክፈት ስትንከላወስ ሥራ ትጎትታለህ› ያሉት። አውልቆ ሰጣቸው። ከዚያ ስልክ ተጠሩ። ሲመለሱ የወጣ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱና አስነሳ አሉኝ።»

«ሲሰጣቸው ምን አለ?»

«ምን ይላል? እሺ ነዋ።»

ከቤት ውስጥ የእናቲቱ ሲቃ ተሰማ፤ አንዷ ሴት «በቃ፣ በቃ» ትላታለች።

«ይህን ለእናቴ ትነግራታለህ» አለ ታላቅየው። «ዛሬውኑ። ልጇ እንደሚባለው በራሱ ዝርክርክነት እንዳልሞተ ትወቅ።»

«እሺ» አለ አስነሺው።

ታላቅየውን ያቃጠለችው ይቺ እሺ ናት።

እሱ ራሱ በዚያው ሳጥን ፊት ቆሞ ያውቃል። ያው አለቃ ያንኑ እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን ወዲህ በል» ብሎታል። «አልሰጥም ጌታዬ፣ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው» አለ። በዚያው ቀን ልብሱን በፌስታል ቋጥረው በበሩ አስወጡት። እቤት ሲገባ እናቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ንጹሕ ልብሷን ለበሰች፣ ታናሽየውን በእጁ ይዛ አለቃው ደጅ ሄደች። ምን እንዳለች ታናሽየው ራሱ እየሳቀ ነው የነገረው፦ «ጌታዬ፣ ያኛውስ ግትር ነው፣ አባቱን ነው የወጣው። ይሄኛው ግን ታዛዥ ነው። ቁም ካሉት ይቆማል።» የወንድሙን እንጀራ ወንድሙ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ታላቅየው በቤተሰቡ አፍ እምቢተኛው ሆነ። ዘመድ ሁሉ «ከታናሽህ ተማር» ይለዋል። ከታናሽ ተማር! ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እናቲቱ ልጆቿን ያሳደገችው በአንድ ቃል ነው፦ ብድግ። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ፣ ሲወጣ ብድግ። የዘገየ ጭኑን ይቆነጠጣል። እሱ ጭኑ በልዞ ነው ያደገው። ታናሽየው አንድም ቀን አልተቆነጠጠም።

ደጅ ላይ የመኪና በር ተዘጋ። አጎትየው ከውስጥ ሲጣደፍ ተሰማ። «አለቃው መጡ! ልቀቁ፣ ወንበር ልቀቁ!»

ታላቅየው በጓሮ በር ሲገባ ቤቱ በሙሉ ቆሟል። እናቲቱን ሳይቀር ሁለት ሴቶች ደግፈው አቁመዋታል። አጎትየው የደህናውን ወንበር መቀመጫ በኮቱ እጅጌ ይወለውላል። ልጃቸውን ለገደለ ሰው ወንበር! አለቃው ተቀመጠና ሌላውም እንዲቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ታላቅየው እናቱ ጎን ሄዶ ቁጭ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ አለቃው። «እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ አይገኝም። አንድም ቀን ቃሌን መልሶብኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳይቆልፍ ገባ። ጥንቃቄ ጎደለው፣ ምን ይደረጋል።»

«ልክ ነዎት ጌታዬ» አለ አጎትየው። «የልጅ ነገር!»

«ቁልፉስ የት ገባ፣ ጌታው?» አለ ታላቅየው።

«የምን ቁልፍ?»

«አንገቱ ላይ የሚያስረው። አስከሬኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ገመዱም የለም።»

«አንተ ልጅ፣ በለቅሶ ቤት!» አለ አጎትየው። «ይቅር ይበሉት ጌታዬ፣ ድሮም እንዲህ ነው።»

አለቃው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ለቤተሰቡ ክብር ብዬ ነገሩን ላላራዝመው ነበር። ሳይቆልፍ ነው የገባው። ይኸው፣ አብሮት የነበረው ልጅ አለ።»

አስነሺው የታጠቡትን ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ የጓሮው በር ላይ ቆሟል። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እናቲቱ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አንተ ልጄ፣ እውነት ነው? ልጄ ሳይቆልፍ ነው የገባው?»

አስነሺው አፉን ከፈተ። ከመመለሱ በፊት ግን ዓይኑ ወደ አለቃው ሄደ፤ ፊቱን አየ፣ ከዚያ ተመለሰ።

«እሳቸው እንዳሉት ነው፣ እማማ።»

ታላቅየው አሁን ነው የማንቀው ብሎ ወገቡን አነሳ። ግን እናቱን አያትና ቀረ። እናቲቱ አስነሺውን ትኩር ብላ እያየች ነበር፤ የምታውቀው ነገር ያየች ይመስላል። እንግዳ ጥያቄ ሲጠይቃቸው የገዛ ልጆቿ መጀመሪያ የእሷን ፊት አይተው ነበር የሚመልሱት። ያስለመደቻቸው እሷ ናት። ያችን አስተያየት እንዴት ታጣታለች?

እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

አለቃው ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ በርቱ» ብሎ ተነሳ።

ቤቱ ብድግ አለ። አግዳሚው ተንቋቋ፣ አጎትየው ጎንበስ እንዳለ ወደ በሩ ሮጠ፣ አስነሺው ትሪውን እንደያዘ ከግድግዳው ተለጠፈ። ታላቅየውም፣ ያ እምቢተኛው፣ ሰውየውን በነጋ በጠባ ሲረግም የኖረው፣ ጉልበቱ ሳያማክረው ሲዘረጋ ተሰማው። መቀመጫውን ለቅቋል። በገዛ ሰውነቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

የኮቱ ጫፍ ወደ ታች ተሳበ።

«ተቀመጥ» አለችው እናቱ።

ተቀመጠ።

አለቃው በሩ ላይ ቆም አለ። እናትና ልጅ እስኪነሱለት የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆየ። እናቲቱ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም።

የመኪናው ድምፅ ራቀ፣ የቆመውም ሰው እርስ በርስ እየተያየ አንድ በአንድ ተቀመጠ። የእናቲቱ እጅ ግን የልጇን ኮት ጫፍ ጨብጦ እንደያዘ ነበር።