እፀገነት የተሸጠች ሰሞን

እፀገነት ተሸጠች። ለሰፈሩ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ከኔ በፊት ማን ሊያወራ!

እሷ ራሷ አይደለችም የተሸጠችው። እሷማ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት፣ ማን ይገዛታል? ቴሌግራሟ ነው። አንዱ ደውሎ «ሽልማት ደርሶሻል» ሲላት ስልኳ ላይ የመጣውን ቁጥር ቁጭ ብላ ነገረችው። በቃ፣ ሄደ።

«ይሂድ፣ ምን ይጎዳሻል?» ስላት እንባዋ መጣ። ለካ የማርቆስ ድምፅ እዛ ውስጥ ነው። ማርቆስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሏ ነው። ከመሞቱ በፊት አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ «እፂ፣ ሽንኩርት ልግዛ ወይ?» ብሎ የላከላት ድምፅ። ሌላ የቀራት ድምፅ የለም። ማታ ማታ እሱን ሰምታ ነው የምትተኛው።

የልጅ ልጄ ርሆቦት ሥራዋ ኮምፒውተር ነው፤ ጠራኋት።

«እማማ፣ ይሄኔ ጨለማ ገበያ ላይ ተሽጧል» አለች።

«የት ነው እሱ? ከአስኮ ወዲያ ነው?»

«ኢንተርኔት ውስጥ ነው። ተደብቀው ነው የሚገቡበት።»

«ምን ይሸጥበታል?»

«ያልሆነ ነገር ሁሉ። ሐሺሽ፣ ፎርጅድ ፓስፖርት፣ ሳይማሩ ዲግሪ፣ የተሰረቀ የባንክ ካርድ፣ የሰው ሚስጥር…»

«ሚስጥር ይሸጣል?!» ወገቤን ያዝኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ሳድል!

ደሞ ሌቦቹ እርስ በርስ አይተማመኑም አለችኝ። ገንዘቡን ሌላ ሰው መሀል ሆኖ ይይዝላቸዋል፣ ዕቃው ሲደርስ ይለቃል። ገዢው ከወደደ ለሻጩ ኮከብ ይሰጠዋል፣ እስከ አምስት። ለሌባ ኮከብ!

ይህን እያወራን ስልኬ ጮኸ። እፀገነት ናት። «ጽጌዬ፣ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ቶሎ ብር ላኪልኝ» ይላል፣ ርሆቦት ስታነብልኝ። እፀገነት አጠገቤ ቁጭ ብላ ቆሎ እየቆረጠመች ነው።

«ተይው፣ ዝጊው» አለች ርሆቦት።

እኔ ልዝጋ? መጻፍ ባይሆንልኝም በድምፅ ማን ይችለኛል!

«ውይ እፂዬ፣ እግዜር ይማርሽ!» አልኩ። «እስክትድኚ የሰብስቤን ጉድ ስሚ። ያ ጋራዥ ያለው፣ ቅንድቡ ሳይቀር የሸበተው። ቤቴል ላለችው ባሏ ለሞተባት ሴትዮ ሽማግሌ ላከልሽ። ‹እኔም ልታይ› ብሎ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ነጭ ጋቢ ደርቦ አብሮ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዝናብ! ቀለሙ በግንባሩ፣ በአፍንጫው፣ በጋቢው ላይ ተንዠቀዠቀ። ሴትየዋ ከፍታ አየችው። አየችውና በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ አለች…»

ጣቴን አነሳሁ፣ ተላከ።

«ምን አለች?» አለች እፀገነት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ታመሻል።»

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። ስለ ብር ምንም የለውም። «ምን አለች?» ብቻ።

ያዝኩት! «ልጄ» አልኩት፣ «እፀገነት እዚህ ቆሎዬን እየጨረሰች ነው። ቴሌግራሟን የቆለፍክበትን ቁጥር ስጠኝና ልንገርህ።»

«መጀመሪያ ይንገሩኝ» አለ። ወዲያው አንቱ ማለት ጀመረ፤ አሳዳጊ የበደለው አይደለም።

«ሌባ ማን ያምናል?»

«እኔስ እርስዎን ምን አምኜ?»

እውነቱን ነው። ስለዚህ እንደ ገበያቸው አደረግን። የወሬውን መጨረሻ ለርሆቦት ላኩላት፤ መሀል ሆና ትያዘው፣ ቁጥሩ ሲሠራ ትልቀቅለት።

ጭጭ አለ። እፀገነት ቆሎውን አስቀመጠች። ያኔ እኔም ፈራሁ። ቀልዴን አብዝቼ፣ ተናዶ የማርቆስን ድምፅ ቢያጠፋባትስ?

ቁጥሩ መጣ፣ ወሬው ከሚላክበት ሌላ አድራሻ ጋር። ርሆቦት ሞከረችው፤ ተከፈተ። እሱን አስወጥታ ስልኩን ለእፀገነት ሰጠቻት።

ቃል ቃል ነው፣ መጨረሻውን ላክንለት፦ «ሴትየዋ ምን አለች መሰለህ? ‹በአንድ ዝናብ እንዲህ ከቀለጠ፣ ክረምቱ ይውጣና የተረፈውን አገባዋለሁ!›»

ሌባው አምስት ኮከብ ደርድሮ መለሰ። «ዕቃው እንደተባለው ነው» ይላል።

ለእፀገነት ላሳያት ብዞር አልሰማችኝም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። «እፂ፣ ሽንኩርት ልግዛ ወይ?» ይላል ማርቆስ፤ ከኋላው ረዳቱ «ኮልፌ! ኮልፌ!» እያለ ይጮሃል።

«ግዛ ብዬው ነበር እኮ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ያን ቀን ባዶ እጁን ነው የመጣው።»