ልጅሽ እንዲያንቀኝ ፍቀጂ

ሠላሳ አንድ ዓመት የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ ሲደክም ልጆቼ መንጃ ፈቃዴን ወስደው ቤት አስቀመጡኝ። መቀመጥ ግን ከየት ይምጣ? እግሬ ወንበር ላይ ሆኖም ፍሬን ይረግጣል። ከመብራት ኃይል ፍራንኮ፣ ከፍራንኮ ፖስታ ቤት፤ የአዳማ አቧራ ሲያለብሰኝ እመለሳለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ባለቤቴ ሸዋወርቅ፣ «አንተ ከመኪናው ወረድክ እንጂ መኪናው ካንተ አልወረደም» ትለኛለች።

እንዲህ ስዞር ነው አንድ ቀን ከጎማ መጋዘን ጀርባ ካለ አዳራሽ በር ላይ የቆምኩት። ወጣቶች ነጭ ወፍራም ልብስ ለብሰው ፍራሽ ላይ ይተናነቃሉ። የተያዘው በመዳፉ ያዡን መታ መታ ሲያደርገው ወዲያው ይለቀዋል። ከዚያ ይሳሳቁና ደግሞ ይጀምራሉ።

«አካም ጂርቱ፣ አባ? ይግቡ እንጂ» አለኝ አሰልጣኙ ሁንዴ። «ጂዩ ጂትሱ ነው፤ የብራዚሎች ትግል። ቡጢ የለም፣ ካልቾ የለም።»

«ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አልኩት።

«እኔ ዕድሜ ጠየቅኩዎት?»

ገባሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ ሰባት ወር አንድ ቀን አልቀረሁም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጎኔን ያመኛል፣ ግን እዚያ ስገባ እግሬ ዝም ይላል። ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ፣ ልጆቼ! ጀቤሳን ታውቁታላችሁ፣ የእድርተኛችንን የአበበችን ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳውን፤ ትከሻው በር አይበቃውም። እሱን እንኳ አንገቱን ይዤ መታ መታ አስደርገው ነበር። ማታ ለሸዋወርቅ ሳወራ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

አንድ ሐሙስ ከአዳራሹ ጀርባ እግሬን ስታጠብ ከግንቡ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ሜቲ ናት፣ ፋርማሲ የምትሠራዋ፤ አብራን ትለማመዳለች።

«ዛሬም በጋሼ ተሸነፍክ?» አለች።

«ምን ላድርግ?» አለ ጀቤሳ። «እጃቸው አንገቴን ሲያጣው ጊዜ ራሴ ነኝ ያስገባሁላቸው።»

«ሁላችንም እንደዚያው ነን» አለችና ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፤ እሱ ነው የባሰው።

ቅዳሜ አልሄድኩም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወለንጪቲ ድረስ ሄድኩ፤ ጉዳይ የለኝም። ወርጄ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞርኩና በዚያው መኪና ተመለስኩ። ሾፌሩ «አባት፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ። በማግስቱ ጀቤሳን ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ያዝኩት።

«ፍራሹ ላይ በእውነት ያዘኝ፤ አለዚያ ቀረሁ።»

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ ‹ጋሽ ዘገዬን አንድ ነገር ብታደርጋቸው ቤቴ እንዳትገባ› ብላለች። የአንድ እድር ሰው ነዎት፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

የሚያስቸግረው እሱ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ቀጥ ብዬ አበበች ዘንድ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ መጥቼ ነው፣ አበበች።»

«ምን ገዶኝ፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ልጅሽ እንዲያንቀኝ ፍቀጂለት።»

ሰፌዱ እጇ ላይ ቀረ። «ጋሽ ዘገዬ፣ ደህና ነዎት? ሸዋወርቅ ቤት አለች?»

«ደህና ነኝ። ስሚኝ፤ ታክሲ ስገባ ሰው ተነስቶ ያስቀምጠኛል። ሐኪም ቤት ሰልፉን ያሳልፈኛል። እግዜር ይስጣቸው። እዚያ ፍራሽ ላይ እንኳ እየተውልኝ ከሆነ ግን እኔ ምኑ ላይ ነው ያለሁት? ተመልሼ ወንበሬ ላይ መቀመጤ ነው፤ እሱ ደግሞ ይገድለኛል።»

«ልጄ ቢገድልዎትስ? እድሩ ምን ይለኛል?»

«ሲጠብቅብኝ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ ይለቀኛል።»

«ባይለቅዎትስ?»

«ያሳደግሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «እንግዲያው ዓይኔ እያየ ይሁን» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጀቤሳ እናቱን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ጀመርን። ያው እንደ ልማዱ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

«አንሳው ይሄን አንገት» አልኩት።

ልጁ ወደ በሩ ዞረ።

«ምን ታየኛለህ?» አለች አበበች። «እነቃቸው እንጂ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳያልቅ የጀቤሳ ክብደት ደረቴ ላይ አረፈ። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ክብደት አላውቀውም ነበር! አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ ወጣሁ፤ መልሶ ያዘኝ። ክንዱ አገጬ ሥር ገባ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት። በቅጽበት ለቀቀኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር—»

«ይቅርታውን ተወው። ክርኔን የት ላድርገው ነበር?»

በመገረም አየኝ። ከዚያ እንደ እኩያው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠና አሳየኝ። «ክርንዎን ከጎንዎ አይለዩት። መጀመሪያ ዳሌዎን ወደ ውጭ ያውጡ፣ ከዚያ ነው ጉልበትዎን የሚያስገቡት።»

«እሺ። ድገመኝ።»

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ጀቤሳ አምስት ጊዜ አነቀኝ፤ ሜቲም አየችና ተራዋን ጠይቃ ሁለት ጊዜ። አበበች መጀመሪያ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። በአራተኛው ላይ ግን ነጠላው ወገቧ ላይ ታስሯል፣ ከመቀመጫዋ ተነስታለች፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከጀቤሳ ሥር ስፍጨረጨር ድምፅዋን ሰማሁ፦

«ዳሌዎን፣ ጋሽ ዘገዬ! ዳሌዎን ያውጡ!»