የመሪጌታ አራት ቃላት

ለቅሶ ላይ ተቆጣሽ የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ይስማኝ። ባሌን መሪጌታ ወልደ ሥላሴን ከቀበርኩ ሳምንት ሳይሞላ፣ የእድራችን ሰብሳቢ ፈንታ ድንኳን ገብቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "እግዜር ያጥናሽ" ሳይል በፊት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መሪጌታ ቃሎቹን ነግረውሻል? ካልነገሩሽ የእድሩ ገንዘብ ቀልጦ ቀረ።" አፈር ብላ!

ከሥሩ ልንገራችሁ። በጋውን ሙሉ እርከን ስንሠራ ከረምን፤ በዚያ በመንዝ ውርጭ፣ ድንጋይ ተሸክመን። የሴፍቲኔቱ ክፍያ ግን የለም። "በጀት አልተለቀቀም፣ ሳምንት ኑ።" ሄድን። "ሲስተም የለም።" ተመለስን። ገብሱ ተወዶ፣ ብሩ ረክሶ፣ ቢመጣስ ለምን ሊበቃ? ለድሃ እናዝናለን ይላሉ ባለሥልጣኖቹ። እንዲህ ከሆነ ማዘኑ ይቅርብን!

በዚህ ንዴት ላይ ሳለን የእህቴ ልጅ ፍሬው ከዓለም ከተማ መጣ። ስልክ ጠጋኝ ነው። "ባንክ የማያግደው፣ ባለሥልጣን የማያዘገየው ዲጂታል ገንዘብ አለ" አለ። "የት ነው የሚቀመጠው?" አሉት የእድሩ ሰዎች። "የትም። መክፈቻው አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ቃሎቹን የያዘ ገንዘቡን ያዘ።" የእድሩ ጸሐፊ ይታየው "አለቃ የለውም በለኛ! እሰይ!" ብሎ አጨበጨበ። እኔ "አለቃ ከሌለው ሲጠፋ ለማን አቤት እንላለን?" ብል ማን ይስማኝ።

የእድራችን ሣጥን ድሮም ባለ ሦስት ቁልፍ ነው፤ አንዱ በሰብሳቢው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። እድርተኛው ተስማምቶ የሣጥኑ ገንዘብ ወደ ፍሬው ዲጂታል ገንዘብ ሲዞር ቃሎቹንም እንደዚያው አደረጓቸው፤ አራት ለፈንታ፣ አራት ለይታየው፣ አራት ለገንዘብ ያዡ ለባሌ። ፍሬው "ኧረ ጽፋችሁ አስቀምጡ" ብሎ ለመነ። "የተጻፈ ይሰረቃል" አሉት። መሪጌታ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ዳዊቱንና ድጓውን በቃላቸው ለያዙ ሰው አራት ቃል ምን አላት? ፍሬው ቃሎቹን ከስልኩ አጥፍቶ ያስጠናበትን ወረቀት ፊታችን አቃጠለ። ባሌም ለእኔ እንኳ ትንፍሽ ላይሉ ማሉ።

ከዚያ ከእርከን ሥራ ሲመለሱ ውጋት ያዛቸውና ተኙ። ትንፋሽ አጥሯቸው ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ እጄን ጨምድደው ይዘው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ሰምቼው በማላውቀው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ያንኑ ደጋገሙት። የንስሐ አባታችን ደነገጡ። "ይሄ የእሳቸው አንደበት አይደለም፤ ሌላ ነው የሚናገረው!" አሉ። ጸበል ረጩ። መስቀላቸውን በባሌ አፍ ላይ ጭነው "ማነህ? ልቀቅ!" እያሉ ጮኹ። እኔም አብሬ "በሥላሴ ስም ልቀቃቸው!" አልኩ። ባሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ ሳይናገሩ አረፉ።

ይህንን ለፈንታ ስነግረው ፍሬው ከኋላው ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አክስቴ፣ ስንት ቃል ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ! አራት ነው መሰለኝ፤ እየመለሱ እነዚያኑ ነው የሚሉት።"

ፍሬው ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ቃሎቹ እነሱ ናቸው" አለ። "ሊነግሩሽ ነበር።"

ፈንታ ብድግ አለ። "አንዱን እንኳ አታስታውሺም? የሀገሬው ገንዘብ እኮ ነው! ነገ ሌላ ሰው ቢሞት በምን እንቀብራለን? ለዚህ ለቅሶ እንኳ ንፍሮው የተቀቀለው ጎረቤት ባመጣው ባቄላ ነው!"

ደሜ ፈላ። ነጠላዬን ወርውሬ ተነሳሁ። "ውጡልኝ! የለፋንበት በጊዜው ቢከፈለን እድሩን ማን ይነካው ነበር? አንተ ፍሬው፣ ማንም አያግደውም ያልከው ይኸው ማንም አይከፍተውም! አንተ ደግሞ ፈንታ፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ስለ ገንዘብ ታለቅስብኛለህ። ገደል ይግባ ገንዘባችሁ! ባሌ እጄን ይዘው አደራቸውን ሊያስረክቡኝ ሲለምኑኝ፣ እኔ ሰይጣን ነው ብዬ አባረርኳቸው። ይሄን ማን ይመልስልኛል?"