የወይዘሮ እቴነሽ ማረጋገጫ

ታረቀኝ ውብሸት አሥራ አንድ ዓመት ሲፈልገው የኖረው የጫካው ጠጉራም ፍጡር፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ጣቢያው በር መጥቶ ተራ ያዘ። ጥበቃዋ ዘርፌ ፈተሸችው። መታወቂያ ስትለው የለውም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ ከደረቱ አንድ ጭብጥ ጠጉር ነቅሎ ሰጣት። ጠጉሩን መታወቂያ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ከታ የእንግዳ ባጅ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት።

ታረቀኝ ስቱዲዮ ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ምን ያድርግ! ፍጡሩን የሚያፈላልግበት ፕሮግራሙ በዚያ ሳምንት ሊዘጋ ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ እቴነሽ «ወይ አግኘው፣ ወይ ተወው» ብለውታል። ያን ሁሉ ዓመት ጫካ ለጫካ ተንከራቶ ያመጣው ድምፅ የቅርንጫፍ ስብራትና የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሚስቱ እንኳ ማዳመጥ ከተወች ቆየች።

ፍጡሩ ጣሪያው እንዳይነካው አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ።

«እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታዘዝ?» አለ ታረቀኝ፣ ከድካሙ ብዛት ቀና ሳይል።

«የሚፈልጉት እኔን ነው።»

ታረቀኝ ቀና ብሎ አየው። እልል ማለት ነበረበት፤ የመጣለት ግን ማዛጋት ነው።

ይዞት ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ቢሮ ወጣ። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው ፍጡሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጥሩ። ደብዳቤውስ?»

«የምን ደብዳቤ?» አለ ታረቀኝ።

«እሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነዋ! ማኅተም ያለው። ነገ ሌላ ጠጉራም መጥቶ እኔ ነኝ ቢለኝስ?»

«የሚኖረው ጫካ ነው እኮ። ከየት ያምጣ?»

«ከቀበሌው።»

ፍጡሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀበሌ የለውም። ወይዘሮ እቴነሽ ከልባቸው አዘኑ፤ ፕሮግራሙን ግን እዚያው ዘጉት። ክፋት የለባቸውም፣ አሠራሩ ነው።

ሁለቱ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ታረቀኝ ሆድ ባሰው። ከእንግዲህ ማን ድምፁን ይሰማል?

«አይዘኑ» አለው ፍጡሩ። «የእኛ አልተዘጋም።»

«የእናንተ ምን?»

«ፕሮግራማችን። እኛም እርስዎን እንፈልጋለን፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመታችን። አንዳንዴ ከጫካው የቀዳነውን ሳልዎን እናስተላልፋለን።»

«የሚያዳምጥ አለ?»

«ኧረ ሁሉም! ልጆቻችን ስለ እርስዎ ሳይሰሙ አይተኙም።»

የታረቀኝ እንባ መጣ፤ አልደበቀውም። አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎት አያውቅም።

«እናንተ ጋ ለመምጣት እኔስ ደብዳቤ ያስፈልገኛል?»

«ምንም አያስፈልግም።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጫካው ደረሱ። ጠጉራሞቹ ሽማግሌው ከሕፃኑ ሳይቀር ከዛፎቹ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት ተነስታ ጫማውን አወለቀችለትና እግሩን ጭቃው ላይ አስረገጠችው። እግሩን ሲያነሳ ሁሉም ወደ ጭቃው ሮጡ። አንዱ ቅርጹን ሊያስቀር ዳናው ላይ ነጭ ጀሶ አፈሰሰ፤ ሌላው ማይክሮፎን ይዞ በሹክሹክታ «ወገኖቼ፣ ዛሬ ዱካውን አገኘን» ይላል።

«እዚህ ነኝ እኮ» አለ ታረቀኝ።

አሮጊቷ ዞር ሳትል እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። ሁሉም ዳናውን ከበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ጀሶው እስኪደርቅ ይጠብቁ ጀመር።