ጣቷ ከትከሻዬ ሲነሳ

እህቴን ያስኮበለለችብኝ ሴት ቁመቷ የበር መቃን ያህላል። ስሟን አውቀዋለሁ፤ መጥራት ግን አልፈልግም። ረጅሟ ነው የምላት። ማስኮብለሉም ቢሆን በውል፣ በፊርማና በማኅተም የተደረገ ነው፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። እንግዲህ ማንን ልክሰስ?

እኔና ታናሽ እህቴ ክሪስታል እናበቅላለን። ይህን ስንል ሰው ሁሉ የአንገት ጌጥ ይመስለዋል። የእኛ ክሪስታል የሚገባው ሆስፒታል ባለ የመመርመሪያ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው፤ በበሽተኛው ሰውነት አልፎ የመጣውን ጨረር ተቀብሎ ወደ ብርሃን ይለውጠዋል፣ ሐኪሙም ምስሉን ያያል። ድርጅታችን ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንዱ ምድጃው አለ። በሌላው ሒሳብ ሠራተኛችን፣ አንድ ጠረጴዛና እሺ ብሎ የማይዘጋ መስኮት አሉ።

ምድጃውን በእጃችን ስለሠራነው እንደ እኛው ጠማማ ነው። ውስጡ የሚታይበት ቀዳዳ ከላይ፣ ሙቀቱ የሚስተካከልበት ማዞሪያ ከታች ሆነና አንድ ሰው ሁለቱን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማዞሪያውን እይዛለሁ፤ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ትተክልና ግራ እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። ዘር የምንላት ትንሽ ክሪስታል ምድጃው ውስጥ የቀለጠውን ጥሬ ዕቃ ነክታ ቀስ እያለች ወደ ላይ ስትሳብ መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ክር የቀጠነ አንገት ነው። ጣጣው ሁሉ እዚያ አንገት ላይ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ካልተቀነሰለት ይበጠሳል። እህቴ ብርሃኑ ሲለወጥ ታይና በአንድ ጣቷ ትከሻዬን መታ ታደርጋለች፣ እኔ ማዞሪያውን በጣም በትንሹ እቀንሳለሁ። እንዲህ እያልን አንገቱ እስኪወፍር ድረስ አንነጋገርም። እኔ ዓይን የለኝም፣ እሷ እጅ የላትም፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።

ረጅሟ የመጣችው ከባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ ነው። እነሱም እንደ እኛ ጀማሪ ናቸው ይባላል፤ ግን አንዳንዱ ጀማሪ ሲጀምር አዳራሽ ይዞ ነው። የእኛ ምድጃ የአውራ ጣት ያህል ክሪስታል ታወጣለች፤ የእነሱ የክንድ ያህል ማውጣት ይችላል፣ ማሽኖቹ የሚፈልጉትም ያንን ነው። ኮምፒውተራቸው ሁሉን ነገር ያውቃል፣ አንገት ግን አያውቅም። ሁልጊዜ ይበጠስባቸዋል። የእኛን ጥራት በአንድ ኤግዚቢሽን አይተው ነው አብረን እንሥራ ያሉት።

መጥታ ስንሠራ አየችን። ጎንበስ ብላ ነው የገባችው፣ በራችን አጭር ነዋ። አንገቱ ከወጣ በኋላ እህቴን በሁለት እጇ ጨበጠቻትና ወደ እኔ ዞር ብላ በሁለታችንም ስብርባሪ የጋራ ቋንቋ፣ እጅ ይገኛል፣ እንዲህ ያለ ዓይን ግን አይገኝም አለች። ልታስደስተኝ ፈልጋ ነበር መሰለኝ። እኔም ሳቅሁላት፤ አንጀቴ ግን እርር አለ። እስከዛሬም አልቀዘቀዘም።

ውሉ ቀላል ነበር። እህቴ ለሙከራ ሦስት ወር ትሄዳለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ በትልቁ ምድጃ አንድ ሙሉ ክሪስታል ከወጣ ሽርክናው ለሁለት ዓመት ይጸናል፣ እሷም እዚያው የጋራውን ሥራ ትመራለች። ካልወጣ ተጨባብጠን እንለያያለን፤ እሷ ወደ ቤቷ፣ ድርጅታችን ወደ መቃብሩ። የአውራ ጣት ክሪስታል የሚገዛ የለማ። ሒሳብ ሠራተኛችን ሌላ ሥራ መፈለጓን መደበቅ ትታ ማመልከቻዎቿን በቢሮው ማተሚያ ታትም ነበር። እናም ከተሳካ እህቴን አጣለሁ፣ ካልተሳካ ሥራዬን አጣለሁ። የትኛውን ትመኚ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እባካችሁ አትጠይቁኝ።

በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ እንገናኛለን። መጀመሪያ ላይ እህቴ እህቴ ነበረች። ከዚያ አንድ ቀን የማላውቀውን ሹራብ ለብሳ መጣች፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ታጥፏል። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀጥሎ እርሳስ ጆሮዋ ላይ መሰካት ጀመረች፣ ልክ እንደዚያችኛዋ። ቀጥሎ በእኔ ቀልድ ሳትስቅ ረጅሟ በጆሮዋ በነገረቻት ነገር ተንከትክታ ሳቀች። ምን አለችሽ ብላት፣ "ተይው እቴቴ፣ ሲተረጎም አያስቅም" አለችኝ። እናታችን እንኳ ሳትቀር ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ያችን መቃን፣ ልጄን እንደ እህት የያዝሽልኝ ተባረኪ እያለች መረቀቻት። እንደ እህት! እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። በኮምፒውተር አልሆን ሲላቸው አንገቱን በእኛ መንገድ በእጅ ለማውጣት ወሰኑ፤ ከቀዳዳው ሥር ማዞሪያ ገጠሙ፣ በርጩማም አመጡ። ረጅሟ ጉልበቷን እስከ አገጯ አጥፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እህቴ ከኋላዋ ቆመች፣ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ተከለች፣ ግራ እጇን አነሳችና የረጅሟ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ ቀናሁ። ከዚያ በፊት የቀናሁት ሁሉ ለካ ልምምድ ነበር። ባሏ ሌላ ቤት ሲገባ ያየች ሴት ምን እንደሚሰማት አሁን ገባኝ፤ ባል እንኳ የለኝም።

አንገቱ ግን ተበጠሰ። ስክሪኑ ላይ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ፊቴን አጨፈገግሁ፤ አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም ተበጠሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ሠራተኛችን ከኋላዬ ቆማ እያየች ነበር፤ ምነው ደስ ደስ ያለሽ ትመስያለሽ አለችኝ። ጥርሴን ነው የሚያመኝ አልኳት።

ለምን እንደሚበጠስ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ረጅሟ ታዛዥ ናት፤ መታ እስክትደረግ ትጠብቃለች። እኔ ጠብቄ አላውቅም። እህቴ መታ ለማድረግ መጀመሪያ ጣቷን ከትከሻዬ ታነሳለች። ክብደቱ ሲነሳልኝ እጄ አዙሮ ይጨርሳል፤ ጣቷ ተመልሶ ሲያርፍ ሥራው አልቋል። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው ልዩነቱ፣ አንገቱን የሚያተርፈውም ያቺ ጥቅሻ ናት። ይህን ለማንም፣ ለእህቴም ቢሆን ተናግሬ አላውቅም። ማዞሪያውን የሚያዞረው የእሷ መታ መታ እንደሆነ ታምናለች ብዬ ነበር የማስበው።

የመጨረሻው ሙከራ ቀን ደረሰ። የሁለቱም ኩባንያዎች ሰዎች በሙሉ ስክሪኑ ላይ ተኮልኩለዋል፤ በእኛ በኩል ያለነው በሙሉ እኔና ሒሳብ ሠራተኛዋ ነን። ዝም ብል ነገሩ ያበቃል። እህቴ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሹራቡን አስወልቃታለሁ። ዝም ልል ቆርጬም ነበር።

ዘሯ ክሪስታል ልትወርድ ስትል ረጅሟ ከበርጩማው ወደ ካሜራው ቀና ብላ በትሕትና፣ ዛሬም ካልሆነ ጥፋቱ የምድጃው ነው፣ የእጅ ጉዳይ እንዳልሆነ አረጋግጠናል አለች። እጅ ማዞር ብቻ ነው አለች።

ደሜ ፈላ። ማዞር ብቻ!

"መታ እስክታደርግሽ አትጠብቂ" አልኳት በዚያው ስብርባሪ ቋንቋ። "ጣቷ ከትከሻሽ ሲነሳ አዙሪ። ያን ጊዜ ካላዞርሽ እጅ አለኝ አትበይ።"

እህቴ ዓይኗን ከቀዳዳው መንቀል አትችልም፤ አንገቱ መውጣት ጀምሯል። ጀርባዋ ግን ድርቅ ሲል አየሁት። ደስታ መሰለኝ። ጣቷ ተነሳ፣ ረጅሟ አዞረች። ተነሳ፣ አዞረች። አንገቱ እየወፈረ፣ እየሰፋ ሄደ፣ ኮምፒውተሩም ሥራውን ተረከበ። በዚያ በኩል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ረጅሟ ከበርጩማው ተነስታ ለእኔ፣ ለካሜራው፣ እጅ ነሳች። ሒሳብ ሠራተኛችን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም፣ አየሽ እጅ ማለት ምን እንደሆነ፣ ብዬ በልቤ ፎከርኩ። ኩራቴ እስኪደወልልኝ ድረስ አብሮኝ ቆየ።

የደወለችው እህቴ ናት፣ ብቻዋን፣ ከደረጃ ሥር ቆማ። ዓይኗ ቀልቷል።

"ለምን ነገርሻት?" አለችኝ።

ድርጅቱ ዳነ እኮ አልኳት። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ ዛሬ ሰምተሽ ተገርመሽ ይሆናል አልኳት።

"ምን ያስገርመኛል? ዓይን አለኝ አይደል? ገና መታ ሳላደርግሽ ብርሃኑ ይስተካከልልኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታውቂ ከነበር ለምን አልነገርሻትም?"

በረዘመው እጅጌ አፍንጫዋን ጠረገች።

"ሁሉን ነገር አሳየኋት" አለች። "ዘሩን፣ ሙቀቱን፣ ሁሉን። ጣቴ የሚነሳባትን ቅጽበት ብቻ አስቀረሁ። እሷ የኛ ነበረች፣ እቴቴ።"

"ድርጅቱስ?"

"ሌላ እንሠራ ነበር። ተመልሼ እመጣና ሌላ ነገር እንሠራ ነበር። ቅሪ ትይኛለሽ ብዬ ስሄድ ጠበቅሁ፣ አላልሽም። ነይ ትይኛለሽ ብዬ እዚህም ጠበቅሁ። አንቺ ስክሪን ላይ ፊትሽን አኮሳትረሽ ጥርሴን አመመኝ ትያለሽ።"

ነይ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ውሉ ጸንቷል፣ ሁለት ዓመቱ ተቆጥሮላታል፣ ያጸናሁትም እኔ በአፌ ነኝ። ሹራቡ ሰፍቶሻል አልኳት። አውቃለሁ፣ እዚህ ይበርዳል አለችኝ።

ሒሳብ ሠራተኛችን ማመልከቻዎቿን ቀዳድዳ ጣለች። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ ደወለች። ለትልቁ ምድጃ ዘር የሚሆኑትን ክሪስታሎች የምታወጣው ትንሿ ምድጃ ስለሆነች ሥራ በዛልን፤ ዓይን የሚሆን ሰው እስክንቀጥር ሒሳብ ሠራተኛዋ እኔ ልሞክር አለች። መነጽሯን አውልቃ ቀዳዳው ላይ ተደፋች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ደግ ሴት ናት፣ እጇ ግን ከባድ ነው። ጣቷ ሲነሳ እንዲሰማኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማኝም። መታ ስታደርገኝ አዞርኩ፣ አንገቱም ተበጠሰ።