በርት የሳለችው ፊት

ሐሙስ፣ አፕሪል 23 ቀን 1964፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንሴልም የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፈተላቸው። ሚስቱ በርት ከተቀበረች ሁለት ወር አልሞላትም። እንግዳዋ ማድሞዋዜል ኬስለር ከናንሲ የመጣች የቅርስ ጠጋኝ ስትሆን፣ ከንቲባው ሙሴ ቱቭናን ከኋላዋ ቆሟል።

ፈረንሳዊቷ ጀግና ዣን ዳርክ ከእንጨት ተቀርጻ፣ ጥሩር ለብሳ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። ቅድስት ሳትባል በፊት የተሠራች ናት። በየዓመቱ በሜይ በዓሏ በሰልፍ ከመውጣቷ በፊት የፊቷን ቀለም የምታድሰው አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች። በርት በሸክላ ፋብሪካ ሳህን ላይ አበባ ትስል ስለነበር ሥራው ለእሷ ተሰጣት።

ልጃቸው ዩጌት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች ወዲህ በርት የሐውልቷን ፊት ትንሽ ትንሽ ለወጠችው። አንድ ዓመት ቅንድቡን አቀጠነች። በሌላው የከንፈሩን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ሁሉም አይቷል፣ ማንም አልተናገረም።

ኬስለር ጥጥ በፈሳሽ ነክራ ከሐውልቷ ጆሮ ሥር ጠረግ አደረገች።

«የታችኛው ቀለም ደህና ነው። የላዩን በሙሉ ላነሳው እችላለሁ። ማን ነው እንዲህ የለበጣት?»

«የመንደር ሴት» አለ ከንቲባው።

አበባ ልትቀይር የመጣችው ጎረቤታቸው ክሎቲልድ ዞር አለች። «የመንደር ሴት? አንተ ቱቭናን፣ የበርትን ኬክ ስትውጥ ግን ስሟን ታውቀው ነበር።» ከዚያ ወደ አንሴልም ዞረች። «አንተስ? ምላስህን አብረሃት ቀበርከው? ንገራት እንጂ።»

አንሴልም የሐውልቷን ፊት አየ። የሚሰማው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠበቀ። የተሰማው የወለሉ ድንጋይ ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

«ልጄ ናት» አለ። «እናቷ የሳለቻት።»

ኬስለር ጥጡን አስቀመጠች። «ፎቶዋ የለዎትም?»

«የመጀመሪያ ቁርባኗ ዕለት የተነሳችው አለ። ያኔ ሕፃን ነበረች።»

ከንቲባው ወለሉን እያየ ተናገረ። «አውራጃው የፈቀደው ወደ ጥንት መልኳ እንድትመለስ ነው። አንተ አይሆንም ካልክ ግን እንግዳዋን መልሼ እልካታለሁ። ነገሩ ባንተ ይሁን።»

«አይሆንም በል» አለች ክሎቲልድ።

አንሴልም ግድግዳውን በእጁ ዳበሰ። የዚያ ግድግዳ እርጥበት በየክረምቱ ቀለሙን ይልጠዋል። በርት ነበረች በየዓመቱ የምትመልሰው።

«ማን ያድሳታል?» አለ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ አጥርሽን ስትቀቢ ፍየልሽን ሰማያዊ ያደረግሽ ሴት ነሽ።»

ክሎቲልድ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በመሐረብ ያዘች። እሱ አልሳቀም።

«በሌላ ሰው እጅ ከታደሰች» አለ፣ «ዓመት በዓመት ሌላ ሰው እየሆነች ትሄዳለች። እኔ ደግሞ እሷን እረሳና ያቺኛዋን አስታውሳለሁ።» ወደ ኬስለር ዞረ። «ለዘንድሮው በዓል ትውጣ። ከዚያ ጥረጊው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ጥረጊው።»

በበዓሉ ቀን ዘነበ፤ ሐውልቷን በሸራ ሸፍነው ስላወጧት ፊቷን ያየ ሰው አልነበረም። በጁን ኬስለር ሥራዋን ጨረሰች። ከሥር የወጣችው ክብ ፊት ያላት፣ ጉንጯ የቀላ የገጠር ልጅ ናት። ከዚያ ዓመት ወዲህ ፊቷን የሚቀባ ሰው አልተመደበም።