የማሩ ደም የስንት ቀን ነው?

ከወገዳ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ሙሚና ቃሬዛውን ስትከተል «ነይ» ያላት የለም፣ «ተመለሽ» ያላትም የለም። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ፣ ጁሃር፣ ቀበሌ ታስሯል። የዛሬ ስድስት ቀን ገበያ ላይ ማሩ የሚባል ገበሬ «አቡጀዲውን አሳጠርክብኝ!» ብሎ ሲጮህበት ጁሃር ገፋ አደረገው። ማሩ በቂጡ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተሰዳድበው ተለያዩ። በሦስተኛው ቀን ግን ምላሱ ተሳሰረ፣ ከዚያ ጭራሽ ራሱን ሳተ፤ ቃሬዛው ላይ ያለው እሱ ነው። እንግዲህ ቢሞት ገዳዩ ጁሃር ነው። አገሩ ሁሉ የሚቆጥረው ከገበያው ቀን ነዋ!

«ገና ሳይሞት ታለቅሻለሽ?» አላት ሆስፒታሉ በር ላይ ጓድ ላቀው፣ ቃል ሊቀበል አብሮ የመጣው የቀበሌ ዘበኛ።

«ለእሱም ለአባቴም ነው የማለቅሰው። አይቻልም እንዴ?»

ዶክተር ከፍያለው የማሩን ጭንቅላት ሰርስሮ ሲወጣ ብልቃጥ ይዟል። ውስጡ ያለው ደም ነው ቢባል ማን ያምናል? የተቃጠለ የመኪና ዘይት በሉት!

«ይተርፋል፣ አይዟችሁ» አለ። «መቼ ነው የተመታው?»

«የዛሬ ስድስት ቀን» አለ ላቀው።

«የስድስት ቀን ደም ገና የረጋ ነው። ይሄ ቀጥኗል፣ ጠቁሯል። ሦስት አራት ሳምንት ሆኖታል። ውጭ አገር ጭንቅላት ሳይከፈት የሚያሳይ ራጅ አለ፤ ትኩሱ ነጭ፣ የቆየው ጥቁር ሆኖ ይታያል። እኛ ያለን መሰርሰሪያና ዓይን ነው።»

«ዓይን ብዬ አልጽፍም ዶክተር። ምስክር አለ?»

ሙሚና ወደ ማሩ ሚስት ዞረች። «እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ማሩ ከገበያው በፊት ወድቀው ነበር እንዴ?»

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «የሥላሴ ለት፣ ወር ሊሞላው ነው» አለች። «ደመና አይተን፣ በዓሉን ሽረን የእህል ክምር ስንንድ እሱ ከላይ በአናቱ መጣ። በረዶ ቢወርድ አገሩ በእኛ ነው የሚያሳብበው ብሎ፣ እንዳልናገር በልጆቼ አስማለኝ።»

«በበዓል መሥራትማ በመንግሥት አያስቀጣም» አለ ላቀው።

«ለመንግሥትማ ምን ቸገረኝ! ለቄስ ገብረ መድኅን ማን ይነግርልኛል?»

«አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች ሙሚና።

«አንቺ እስላሟ?»

«ደጅ እቆማለኋ!»

አስካለ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ደግሞ እንባዋ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ ላቀው ዞረች።

«ጻፍ» አለችው። «ጥር ሰባት ብለህ ጻፍ።»